ኖር ብዬ የገባብኝ ጎል

እልኸኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ስለሚሻል ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ስልክ እጠግናለሁ። ከሥራ ስወጣ ጌም እጫወታለሁ። ሰው ቢሰድበኝ እዚያው መልሼ እሰድበውና ይወጣልኛል። የሳቀብኝን ግን አልረሳም። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የማደርገውን ሳስብ ከረምኩ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ቃል ነው።

ጌም የሚጫወት ሰው ላይቭ ገብቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ከስክሪኑ ጎን ሽቅብ የሚሮጠውን ጽሑፍ ታውቁታላችሁ። ቻት የሚባለው እሱ ነው። ለማያውቀው ሰው ሕፃን ልጅ ስልክ ይዞ የነካካው ይመስላል። እኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን ሲሆን እንደወጣ ቁጭ ብዬ ተምሬአለሁ። «ጂጂ» ማለት ጥሩ ጨዋታ ነበር ማለት ነው፤ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። ሲጀመር ጨዋነት ነበር፣ ጨዋታው ሲያልቅ ተሸናፊና አሸናፊ የሚጨባበጡበት። ዛሬ ግን ሳያልቅ የሚጽፉት አሉ። ጨዋታው ሳያልቅ ጂጂ ከተባልክ፣ አልቆልሃል፣ ተነስና ሂድ መባልህ ነው። «ኤዝ» ቀላል ነበርክ ማለት ነው፤ እሱ ከመነሻውም ስድብ ነው። «ኑብ» ለጀማሪ የወጣ ቃል ነበር፤ አሁን ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተውንም አንድ ኳስ ከሳተ ይሉታል።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ኤፍ» ነው። አንድ የጦርነት ጌም ውስጥ የወታደር ቀብር አለ። ተጫዋቹ ሬሳ ሣጥኑ ፊት ሲደርስ፣ ክብር ለመስጠት ይህቺን ፊደል ተጫን ይለዋል። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት፤ በአንዲት ፊደል ለቅሶ ይደረሳል ወይ ብሎ። እየቆየ ግን ቻት ላይ አንድ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት ኤፍ ይጻፍለት ጀመር። አንዳንዱ ለቀልድ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ከልቡ። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ወድጄ አይደለም። ከነዚህ ቃላት አንዱ ከእኔ ስለወጣ ነው። የአገራችን ጌመሮች ቻት ላይ «ኖር» ብለው ሲጽፉ አይታችሁ ይሆናል። አንድ ሰው በእጁ የገባውን ጨዋታ በጅልነት ሲያስረክብ «ኖር አለ» ይባላል። ጎል ጠባቂው ኳሱን ለባላጋራው ሲያቀብል፣ ኖር። ኔትወርኩ ተቋርጦ ተጫዋቹ ደንዝዞ ሲቀር፣ ኖር። «ትናንት ኖር አስባልኩት» ብሎ የሚፎክርም አለ። ከሚጽፉት ልጆች ግማሾቹ ቃሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ የሚያውቁትም የሚያውቁት ያ የሳቀብኝ ልጅ እንደነገራቸው ነው። እኔ ደግሞ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

አባቴ የሐይቁ ዳር ገበሬ ነው። በወጣትነቱ ዓሣ ያሰግር ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም ጀልባውን ትቶ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። ዋና ሥራው ግን ሽምግልና ነው ብል አላጋነንኩም። ወሰን የተጋፋ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ በሬው የሰው በሬ የወጋበት ሁሉ እሱን ይጠራል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራዋል። ጋቢውን ለብሶ ከዘራውን ይዞ ሲገባ፣ ሰው ብድግ ይልና «ኖር!» ይላል። እሱ እጁን ወደ ታች እያወረደ «በእግዜር፣ በእግዜር» ሲል ሰዉ ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቆይ የለም። እኔ በእግሬ መቆም ከጀመርኩ ጀምሮ ለአባቴ ስነሳ ነው ያደግኩት፤ ከእኔ ቀድሞ ጉልበቴ ያውቀዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ተቀምጦ ላይቭ እየገባ የሚጫወት አንድ ልጅ ነበር። ልጅ ስለው እኩያዬ ነው። ተመልካቹ ለጉድ ነው። ጣቱ ፈጣን ነው፣ ምላሱ ከጣቱ ይፈጥናል። በየሳምንቱ ከክፍለ ሀገር አንድ ተጫዋች ይመርጥና የእግር ኳስ ጌም ይገጥመዋል፤ ካሸነፈው በኋላ ይቀልድበታል። የእኔ ተራ ደረሰ። የምጫወትበት ጌም ቤት ባለቤት ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነ ሙስሊም ነው፤ የዚያን ቀን ከሰዓት ኔትወርኩ እንዳይጎተት ብሎ ሌላውን ሰው ሁሉ ከዋይፋይ አስወጣ። ቤቱ በሰው ጢም አለ። ፊቴ ላይ ካሜራ ተተከለ፤ እኔ ከሐይቅ እሱ ከአዲስ አበባ ጎን ለጎን በላይቭ ታየን። ጠዋት ከቤት ስወጣ አባቴን፣ «አባባ፣ ዛሬ አገር ሙሉ ነው የሚያየኝ» ብዬው ነበር። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለት ለሁለት ነበርን። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ቢቀረው ነው። ኳሱ የእኔ አጥቂ እግር ሥር ነው፣ ፊት ለፊቴ ጎል ጠባቂው ብቻ ቀርቷል። አባቴ ገባ።

ከሽምግልና መመለሱ ነው፣ ነጩን ጋቢ እንደለበሰ ነው። በሕይወቱ ጌም ቤት ረግጦ አያውቅም። የመጣው አገር ሙሉ የሚያየውን ልጁን ሊያይ ነው። ቤቱ ሙሉ ብድግ አለ። እኔም ጆይስቲኩን ዱካው ላይ አስቀምጬ ተነሳሁና «ኖር!» አልኩ። አባቴ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ፣ ሥራችሁን አትፍቱ» አለ። ሁሉንም በዓይኑ ሰላም ብሎ ጥግ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩት። ዞሬ ሳይ ኳሱ የእኔ መረብ ውስጥ ነው።

መሸነፉን እችለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ተሸንፌአለሁ። ያ ልጅ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኖር አለ! ኖር ብሎ ሰጠኝ እኮ!» አለ፤ የወሎ አነጋገሬን እየጎተተ፣ እያስረዘመ፣ ደጋግሞ አለው። ቻቱ ተከተለው። በማግስቱ ያቺን ደቂቃ ቆርጦ ለቀቃት። አባቴ ሲገባ ምስሉ ዝግ ብሎ እንዲሄድ አድርጎታል፣ ከሥሩ በማሲንቆ የአምባሰል ቅኝት አስገብቶበታል። አምባሰል ከቤታችን ሆኜ የማየው ተራራ ነው። ቅኝቱን አባቴ ሽንኩርት ሲኮተኩት ያንጎራጉረዋል። የኛኑ ዜማ አምጥቶ በኛው ላይ ማላገጫ አደረገው። ሳምንት ሳይሞላ ኖር የቻት ቃል ሆነ።

እኔው ላይ ቢቀር ኖሮ እስቅ ነበር፤ ቢያንስ የሳቅኩ እመስል ነበር። ቃሉ ግን ከስልክ ወጥቶ መንገድ ላይ መሄድ ጀመረ። መናኸሪያው አጠገብ የሚቆሙ ባጃጅ ነጂዎች አባቴ ሲያልፍ ከወንበራቸው ዘለው ይወርዱና «ኖር!» ይሉታል። አባቴ መጀመሪያ እጁን እያወረደ «በእግዜር» ይላቸው ነበር። ቆሞ የመረቀበት ቀን ሁሉ ነበር። አንድ ቀን ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ከኋላው ሳቅ ሰማ።

ቤት መጥቶ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልደብቀው አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየሁት። አይቶ ሲጨርስ ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ዝግ ብሎ የሚራመደው ነጭ ጋቢ ላይ አድርጎ፣ «ይኼ ሰውዬ እኔ ነኝ?» አለ። አዎ አልኩት። ከዘራውን አንስቶ ወደ ሽንኩርቱ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ተሰብስቦ የተቀመጠበት ቤት መግባት ተወ። ለሽምግልና ሲጠሩት ጉልበቴ ነው ይላል። ጉልበቱ ሽንኩርቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያጎነብስ ምንም አይለውም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ በር ድረስ ሄዶ፣ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ሲመለስ ደረስኩበት።

«አባባ፣ ለምን ሳትገባ ተመለስክ?» አልኩት።

«ሲነሱልኝ ከልባቸው ይሁን ለጨዋታ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ያን ቀን ማልኩ። ልጁ ከአባቴ የወሰደው ይህንን ነበር፤ ሰው ሲነሳለት አምኖ የመግባት ነገር። ከእኔ የወሰደው አንድ ጎል ነው፣ ከአባቴ የወሰደው ግን ሰፈሩን በሙሉ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ ምንም አያውቅም። አለማወቁ ከሁሉም በላይ አናደደኝ።

ሁለት ዓመት ተዘጋጀሁ። ኔትወርክ ሲኖርም ሲጠፋም ተጫወትኩ። የለቀቀውን ሁሉ አየሁ። በሐሰት ስም ቻቱ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። የት ድክመት እንዳለበት አወቅኩ፤ ግራ ተከላካዩን ሁልጊዜ ወደፊት ያስወጣና ቦታውን ባዶ ይተዋል። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ቢመራም ባይመራም፣ ለማስፈራራት ጂጂ ማለት እንደሚወድ አወቅኩ። አንዳንዴ ቻቱ ላይ አላዋቂ መስዬ «ኖር ምን ማለት ነው?» ብዬ እጽፍለታለሁ። «አንድ ባላገር ነበር» ብሎ ይጀምራል። ያቺን «አንድ ባላገር ነበር» ሰምቼ ጌም ቤት እገባና ጣቴ እስኪቆስል እጫወታለሁ።

ዘንድሮ በየከተማው እየዞረ፣ ጌም ቤት ውስጥ ከሰዎች ጋር በአካል እየተጋጠመ ላይቭ ሊገባ ተነሳ። ደሴ ይገባል፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከዚያ ወልዲያ። አንድ ጠዋት ሱቄ ውስጥ የአንዲት ሴትዮ ስልክ ስክሪን እየቀየርኩ መልእክቱ ደረሰኝ። «ወንድሜ፣ ኖር የተወለደበት ቤት አብረን ላይቭ እንግባ?» ይላል። መፍቻውን አስቀመጥኩ። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ቤትህ ነው» ብዬ መለስኩ። በደስታ ሥራ አልሠራ ስላለኝ ሴትዮዋን ለማግስቱ ቀጠርኳት።

ያሰብኩትን ለጌም ቤቱ ባለቤት ነገርኩት። ያሰብኩት ቀላል ነው። አንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን እንጫወታለን። ሊያልቅ ሲል አባቴ ይገባል፣ ቤቱ ሙሉ ይነሳል። ያ ልጅ ከተነሳ ጎሉ ይገባበታል፤ ቃሉን ራሱ ይቀምሰዋል። ካልተነሳ ደግሞ ሽማግሌ ሲገባ ተዘፍዝፎ የተቀመጠ ባለጌ መሆኑን አገር ሙሉ ያይለታል። ሁለቱም መንገድ የእኔ ነው።

ጓደኛዬ አዳምጦኝ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ አልወደድኩትም» አለ። «አባትህን ወጥመድ ልታደርጋቸው ነው እኮ»።

«የተዋረደው አባቴ ነው። ሲካስ ደግሞ ማየት አለበት» አልኩት።

«አባትህ ካሱኝ ብለዋል?»

ተቆጣሁ። አንተ አባትህ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ ጮህኩበት። ከበሩ ሆኖ እጁን አውለብልቦ ለአባቴ ምልክት እንዲሰጥልኝ አስማልኩት። እሺ ያለኝ ጓደኝነታችን እንዳይበላሽ ብሎ ነው።

የቀረው አባቴን ማምጣት ነበር። ጌም ቤት ና ብለው አይመጣም። እኔ ግን የትኛውን በር እንደማይዘጋ አውቃለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያስታረቀ ሰው ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ፊት መንሳት እሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ሰው የገደለ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ ብሎ ሲመጣ ተቀብሎ የሚያስታርቅ ነው። ስለዚህ ዋሸሁት። «ያ የአዲስ አበባው ልጅ ተጸጽቷል። እሑድ ይመጣል። ሰው ፊት እግርህ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቅህ ይፈልጋል» አልኩት። «ከአዲስ አበባ ድረስ ለዚህ?» አለ አባቴ። አዎ አልኩት። «እንግዲያ ጋቢዬን እጠቡልኝ» አለ።

ልጁ እሑድ ከሰዓት መጣ። አንድ ካሜራ የሚይዝለት ሰው አብሮት ነበር። ቀድመው ሐይቁ ዳር ወርደው፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ልሳነ ምድር ከኋላው አድርገው ቪዲዮ ቀርጸዋል። የተጠበሰ ዓሣ የጋበዘውም ሰው አለ፤ አገሬ እንግዳ ካየ ራሱን አያውቅም። ልጁ ካሰብኩት አጠር ይላል። በትከሻው ሰላም አለኝ። ሥራ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ስልክ እንደምጠግን ሲሰማ ደስ አለው። እኔ የተዘጋጀሁት ለጥጋበኛ ሰው ነበር። ጥሩ ሰው መስሎ መምጣቱን እንደ ሌላ ጥቃት ቆጠርኩበትና ልቤን አጠነከርኩ።

አባቴን ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆሟል። ላይቩ ተከፈተ፤ ስልኩ ከፊታችን ስለተተከለ ቻቱን ሁለታችንም እናየዋለን። «ኖር መጣ» «ባለቤቱ ራሱ» «ዛሬም ኖር በል» እያለ ይሮጣል። እሱም እየሳቀ፣ «ኖር የተባለበት ታሪካዊ ወንበር ይሄ ነው» ብሎ የተቀመጥኩበትን ዱካ አሳየ። ሳቅኩለት። ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው።

ጨዋታው ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። ይህን መመስከር አለብኝ። በግራ በኩል ባዶ በሚተወው ቦታ ሁለት አገባሁ፣ እሱም ሁለት መለሰ። ሦስተኛውን አገባ፣ ሦስተኛውን መለስኩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክርኑን ክርኔ ላይ አስደግፎ «ጂጂ ወንድሜ» አለኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ቀና ብዬ ጓደኛዬን አየሁትና ራሴን ነቀነቅኩለት። ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። እንደገና ነቀነቅኩለት። እጁን ወደ ሻይ ቤቱ አውለበለበ።

መንገዱን ለመሻገር የሚወስድበትን ጊዜ ቆጥሬ አውቄዋለሁ። ኳሱን እያንከባለልኩ፣ ሳልቸኩል ወደ ግራ አወጣሁት። በሩ ላይ ጥላ ሲያርፍ በዓይኔ ጫፍ ታየኝ። ጋቢው ታጥቦ በረዶ መስሏል። ፂሙን ተላጭቷል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ለብሶ አላየሁትም።

«ኖር!» አለ ቤቱ ሙሉ።

ያ ልጅ ተነሳ። አላሰበበትም፤ ዱካው ከኋላው ወደቀ፣ ጆይስቲኩ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። ተከላካዮቹ እንደ ግንድ ደርቀው ቀሩ። እኔ አልፌአቸው ገባሁ። ጎል ጠባቂውን በቀኝ በኩል አለፍኩትና ባዶ መረብ ውስጥ ከተትኩት። «ጎል!» ብዬ ጮህኩ። «ኖር አለ! ኖር ብሎ ሰጠኝ!» አልኩ፣ በእሱ ድምፅ፣ እሱ እንደጎተተው እየጎተትኩ። አራት ለሦስት። ከዚያ የበለጠ ደስታ በሕይወቴ አላውቅም።

ከእኔ ጋር የጮኸ ሰው አልነበረም።

አባቴ «በእግዜር» አላለም። ሰዉ እንደቆመ፣ ከዘራውን እየተደገፈ መሀል ድረስ መጣና ልጁ ፊት ቆመ። «አንተ ነህ ልጄ?» አለው። «ይቅርታ ልትጠይቀኝ እንደመጣህ ልጄ ነገረኝ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህማ ቤቴ ተቀምጬ አልጠብቅህም። ልቀበልህ መጣሁ»።

ልጁ ዞሮ አየኝ። ስክሪኑ ላይ የእኔ ተጫዋቾች አሁንም ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። እኔ እነሱን እያየሁ ነበር። ምንም አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ይህ ልጅ ውሸታም ነው ማለት ይችል ነበር፣ አገር ሙሉ ይሰማው ነበር፣ እውነቱንም ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ። «አዎ አባባ። ይቅር ይበሉኝ። እኔንም ያሳደጉኝ እንደ እርስዎ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቪዲዮ ስለቀው እሳቸውን አላሰብኳቸውም» አለ። ውሸቴን ሸፈነልኝ። እስከ ዛሬ ያልተውኩለት ይህንን ነው።

«እግዜር ይቅር ይበልህ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ አባቴ። ትከሻውን ይዞ አነሳው። ከዚያ የቆመውን ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ። ሠላሳ ሰው ይሆናል፣ ካሜራ የሚይዘው ሳይቀር ቆሟል። አንድ በአንድ አያቸውና ዓይኑ እኔ ጋ ሲደርስ ዝቅ አለ፤ ቁልቁል ማየት ነበረበት። ጆይስቲኩ በሁለት እጄ እንደተያዘ ነው።

«ልጄ፣ እግርህን አሞሃል?» አለኝ።

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ምን ዋጋ አለው። ስልኩ ከፊቴ ላይቭ እንደሆነ ነው፤ ቻቱ ውስጥ አንድ ኤፍ መጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ስክሪኑ በኤፍ ተሞላ። ጎል የገባበት ልጅ ስለሆነ ለእሱ መስሎኝ ነበር። ከመሃል አንዱ «ለተቀመጠው» ብሎ ጻፈ።

አባቴ ሰዉን በእጁ ወደ ታች እያለ «በእግዜር፣ በእግዜር» አለና አስቀመጠው። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

ልጁ በሚቀጥለው ላይቩ ኖር የሚለውን ቃል ከእንግዲህ እንደማይጠቀም ተናግሮ፣ ቻቱንም ተዉት ብሎ ለመነ። አንዳንዱ ተወ፣ አንዳንዱ አልተወም፤ የወጣ ቃል እንዲህ በቀላሉ አይገባም። የእኔም ቪዲዮ ተለቋል፤ ቤቱ ሙሉ ቆሞ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚጮህበት። ማን እንደለቀቀው አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ጎሏን ግን አሁንም ደጋግሜ አያታለሁ። ንጹሕ ጎል ናት።

አባቴ ወደ ሽምግልናው ተመልሷል። ለቅሶ ቤት ይገባል፣ ሰርግ ቤት ይገባል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲነሱለት ከልብ ይሁን ለጨዋታ አይጨነቅም፤ «በእግዜር» ብሏቸው ያልፋል። ከእኔም ጋር አልተጣላም። እራት አብረን እንበላለን፣ ስለ ሽንኩርቱ እናወራለን። ማታ ከእርሻ ሲመለስ ብቻ፣ እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከሆነ፣ አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ ይስላል። እስክነሳ ይጠብቃል። እነሳለሁ፣ «ኖር» እላለሁ፣ እሱም ገብቶ ከዘራውን ቦታው ያስቀምጣል። «በእግዜር» ግን አይለኝም።